ምሕረት የሚባል ቁልፍ የሌለው ጨዋታ



ሱለይን ለምታውቁ የምሽቱን መልክ ልነግራችሁ አያስፈልግም። መጋዘኖቹ በራቸውን ሲዘጉ፣ ከባድ መኪናዎቹ አቧራቸውን ጥለው ሲያልፉ፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲሸከም የዋለው ወንድማችን ከጓደኞቹ ጋር ወደሚጋራው ክፍል ይገባል። እግሩን ይታጠባል፤ ከትናንት የተረፈውን ወጥ ያሞቃል፤ ከዚያም በተደራራቢው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይከፍታል። መጀመሪያ ለእናቱ ይደውላል። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ጨዋታ ይከፍታል። የዛሬው መልእክቴ ስለዚያ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ትንሽ ነው። ለማውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ገንዘብም አያስከፍልም። በስልኩ ገጽ ላይ የጥንት ዘመን የሞት ቅጣቶች በየተራ ተደርድረዋል፦ ሰይፍ፣ ገመድ፣ ጊዮቲን፣ የእሳት ክምር፣ መስቀልም ጭምር። ተጫዋቹ ፍርድ ፈጻሚ ነው። እጁ ባልሳተ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል፤ ነጥቡ ሲሞላ ቀጣዩ መሣሪያ ይከፈትለታል። ፍርደኛው ስም የለውም። ምን እንዳደረገ፣ ማን እንደ ፈረደበት፣ ማን እንደሚያለቅስለት አይነገርም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካል። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ወጣቶች በየተራ ይሞክሩታል፤ የሳተው ይሳቅበታል፤ ያልሳተው ይጨበጨብለታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ብቻ አይደለም፤ ስሙን መጥራት ማስተዋወቅ ስለሚሆን አልጠራውም።

«ታዲያ ማንን ገደለ? ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ማንንም አልገደለም። ይህን የሚጫወት ሁሉ ነገ ሰው ይገድላል ብዬም አልከራከርም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ማስረጃ አቅርብ ብላችሁ ብትጠይቁት ትክክል ናችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ጨዋታ በእኛ እጅ፣ በእኛ ከተማ፣ በእኛ ታሪክ ላይ ሲውል ውሸት ይናገራል፤ ከዚያም አልፎ ልናጣው የማይገባንን አንድ ነገር ቀስ በቀስ ያስረሳናል። ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

በቅድሚያ ግን ያለ አግባብ እንዳልኮንን ልጠንቀቅ። ጨዋታ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የደከመ ሰው መዝናናት ይገባዋል። ስለ ጥንቱ ቅጣት ማወቅም ክፉ አይደለም። አዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን አጽምና ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ማንም ግን ሳቀ ሲባል አልሰማሁም። እኛስ ብንሆን በየቤታችን የሰቀልነው መስቀል ምንድን ነው? የሮማ መንግሥት ባሪያዎችንና ዐመፀኞችን የሚገድልበት መሣሪያ ነበር። በየዓመቱ በስቅለት ዕለት የአንድን ፍርደኛ የመጨረሻ ሰዓታት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሰማለን። ስለዚህ ችግሩ መሣሪያውን ማየታችን አይደለም። ዋናው ጉዳይ ከመሣሪያው በየትኛው ወገን እንድንቆም መደረጋችን ነው። የሕማማቱ ንባብ ከተሰቀለው ጋር፣ ከእናቱ ጋር፣ ሲብስም ከካደው ጴጥሮስ ጋር ያቆመናል። ጨዋታው ግን ምስማርና መዶሻ ያስይዘንና ነጥብ ይቆጥርልናል።

ይህን ልዩነት ራሳቸው የጨዋታ ሠሪዎችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የጨዋታ ፈጣሪዎች ስብሰባ ላይ ጥቂት ወጣቶች በሁለት ቀን ውስጥ «ዲስዩኒየን» የተባለች አንዲት ትንሽ የጊዮቲን ጨዋታ ሠርተው ነበር። በዐይን ላይ በሚታሰር መሣሪያ የምትታይ ናት፤ ተጫዋቹም ፈጻሚ ሳይሆን አንገቱ ከስለቱ በታች ያለ ፍርደኛ ነው። ብዙዎች ደነገጡባት። ስለ እርሷ ብዙ የሚያከራክር ነገር ቢኖርም አንድ ነገር ይመሰከርላታል፦ ቢያንስ ፍርደኛው ዐይን እንዳለው አስታውሳለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ የቀረበ ነው። አንድ የዴንማርክ ኩባንያ ስለ ባሪያ ንግድ ለተማሪዎች ያስተምራል ያለውን ጨዋታ አወጣ። በውስጡ አንድ ክፍል ነበር፦ ተጫዋቹ አፍሪካውያንን በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ ጡብ አገጣጥሞ መደርደር አለበት፤ ክፍተት ሳይተው ብዙ ሰው የጠቀጠቀ ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣና ኩባንያው ያንን ክፍል አወጣው። የባሪያን ንግድ ታሪክ ማስተማሩ ጥፋት ሆኖ አልነበረም። ጥፋቱ ሰውን ጡብ ማድረጉ፣ ልጁንም ጡብ ደርዳሪ ማድረጉ ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ተነሥታችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ የጎረቤታችሁን ትንፋሽ እየተነፈሳችሁ ወደ የመን የተሻገራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። እናንተን የደረደራችሁ ደላላም ክፍተት አልወደደም ነበር።

አሁን ወደ ውሸቱ ልምጣ። ጨዋታው «ጥንታዊ» ይላል። ጥንታዊ የሚለው ቃል የሚያጽናና ቃል ነው፤ ነገሩ አልፏል፣ የሞቱት ሰዎችም ማንም የማያስታውሳቸው ናቸው ያሰኛል። ይህን ቃል በለንደን ያለ ወጣት ሊያምነው ይችላል። በሪያድ ያለ ሰው ግን እንዴት ያምነዋል? በአሮጌው የከተማ ክፍል፣ በመስማክ ግንብ አቅራቢያ ያለው የዲራ አደባባይ ለብዙ ዓመታት ከዓርብ ጸሎት በኋላ ሰዎች በሰይፍ የተቀሉበት ቦታ ነው። ዛሬ ቤተሰቦች ይንሸራሸሩበታል፤ ቅጣቱ ግን ከሀገሪቱ አልወጣም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2022 መንግሥት በአንድ ቀን 81 ሰዎች በሞት መቀጣታቸውን ራሱ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 መጀመሪያ በናጅራን በሐሺሽ ዝውውር ተፈርዶባቸው በአንድ ቀን ከተገደሉት መካከል 3 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህ ሦስቱ እናት ነበራቸው። በስልክ ሲደውሉላት ድምፃቸውን የምታውቅ እናት።

የሌላውን ሀገር ብቻ እየነቀስኩ የራሴን እንዳልሸፍን ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1953 ዓ.ም. የብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ስቅላት በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት ተፈጽሟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቀይ ሽብር የወጣቶች ሬሳ መፈክር ተለጥፎበት በየመንገዱ ተጥሎ ሕዝብ እንዲያይ ተደርጓል። ይህን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሞት ቅጣትን ባያስቀርም፣ በአንቀጽ 117 በአደባባይ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብአዊ መንገድ እንዳይፈጸም ከልክሏል። ሕጉ ከአደባባይ ያወጣውን ትርኢት ይህ ጨዋታ ወደ አልጋችን መልሶ አመጣው ማለት ነው።

ደግሞስ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እንዴት ይረሳል? በሊቢያ ወንድሞቻችን፣ እንደ እናንተ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች፣ ክርስቲያን በመሆናቸው ከፊሎቹ በባሕር ዳርቻ ሲቀሉ፣ ከፊሎቹ በበረሃ በጥይት ተገደሉ። ገዳዮቹ መግደላቸው አልበቃቸውም፤ ካሜራ አቁመው፣ ቦታ መርጠው፣ ልብስ አልብሰው ቀረጹት። በአዲስ አበባ ጨርቆስ ያሉ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሞት ያወቁት ከዚያ ምስል ነው። ገዳዮቹ የፈለጉት ምን ነበር? እኛ ሞቱን እንደ ትርኢት እንድናየው ነበር። ሀገራችን ግን ትርኢቱን አልተቀበለችም፤ ሦስት ቀን ኀዘን አውጃ፣ ድንኳን ተክላ፣ ሟቾቹን በስማቸው ጠርታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ያለቀስን እኛ ዛሬ ያንኑ አቋቋም፣ ያንኑ የተንበረከከ ሰው፣ ያንኑ ከኋላ የቆመ ስለት በነጥብ የምንጫወተው ከሆነ፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥነው ለምን ነበር?

«እኔ ሳየው ምንም አይሰማኝም» የሚል ወንድም ደግሞ አለ። ይህንኑ ነው የምፈራው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ስድስተኛ መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይተርካል። አሊጲዮስ እንደ እኛ አፍሪካዊ ነበር፤ ከታጋስቴ ተነሥቶ ሕግ ሊማር ወደ ሮማ የሄደ፣ በባዕድ ከተማ የሚኖር ወጣት ነበር። ሰው ከሰው ጋር እስከ ሞት የሚታገልበትን ትርኢት ይጸየፍ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ በግድ ይዘውት ሄዱ፤ እርሱም ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ነገር ግን ጆሮውን አልደፈነም። አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ ሲጮኽ ምን እንደ ሆነ ለማየት ዐይኑን ከፈተ፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሌሎችን ይዞ የሚመጣ ሱሰኛ ሆነ። አውግስጢኖስ እንደሚለው ከወደቀው ታጋይ ይልቅ የከፋ ቁስል የቆሰለው የአሊጲዮስ ነፍስ ነው። ልብ በሉ፦ አሊጲዮስን የጣለው ደም ሳይሆን የጓደኞቹ ጩኸት ነው። በክፍላችሁ ውስጥ የሚሰማውን ጭብጨባ እስቲ መዝኑት።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ውሸቱ ነው። አሁን ስለሚያስረሳን ነገር ልናገር። በእውነተኛው ዓለም፣ ፍርዱ ምንም ያህል የከረረ ቢሆን፣ በፍርድና በሞት መካከል ትንሽ ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ አንድ ሰው «ማርኩ» ሊል ይችላል። በቀድሞው የሀገራችን ፍርድ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ደሙን ሊመልሱ፣ የደም ዋጋ ሊቀበሉ ወይም ሊምሩ ይችሉ ነበር። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምነው ለዚህ ነው፤ ካህኑ መስቀል ይዞ በበር ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። በምትኖሩበት ሀገር ሕግም በነፍስ ግድያ የተፈረደበትን ሰው የሟች ወራሾች በደም ካሳ ወይም እንዲያው ለፈጣሪ ብለው ሊምሩት ይችላሉ። ከመጨረሻው ሰዓት በፊት የተነገረ አንድ ቃል ሰውን ከሞት ይመልሳል።

በራሳችን የካቶሊክ ታሪክም ይህ ተመስክሯል። በጎጃም መርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለደው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነቱ ሞት ተፈረደበት። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ግን ለመነለት፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሽማግሌው መነኵሴ ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት እየተጎተተ በዚያው ዓመት ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያንም በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ብላ ሰየመችው። ፕላውደን የአባ ገብረ ሚካኤልን እምነት የሚጋራ አልነበረም። የሀገሩም ሰው አልነበረም። ነገር ግን በፍርድ ቦታ የቆመ ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ መቅረት እንደሌለበት ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ጨዋታውን በዚህ መዝኑት። ሰይፍ የሚያነሣ ቁልፍ አለው። ገመድ የሚስብ ቁልፍ አለው። እሳት የሚለኩስ ቁልፍ አለው። ምሕረት የሚባል ቁልፍ ግን የለውም። ፍርደኛው ንጹሕ መሆኑን የምትጠይቁበት፣ ቤተሰቡን የምታስጠሩበት፣ «ይብቃ» የምትሉበት ቦታ የለም። ስለቱን ካዘገያችሁ ነጥብ ታጣላችሁ። ጨዋታው ያስቀረው ነገር ከጥንቱ ጨካኝ ንጉሥ አደባባይ እንኳ ያልጠፋ ነገር ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2267 እንዲሻሻል ሲያደርጉ፣ የሞት ቅጣት የሰውን ክብር የሚነካ በመሆኑ ተቀባይነት እንደሌለው ቤተ ክርስቲያን አስተምራለች፤ ምክንያቱም ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው እንኳ ክብሩን አያጣም። ይህን ትምህርት የተቀበልን ሰዎች ክብር የሌለው ፍርደኛ በእጃችን ይዘን እስከ እኩለ ሌሊት ስንቆይ፣ ጣታችን የሚማረው ከእምነታችን ጋር የማይስማማ ነገር ነው።

አንድ ከባድ መከራከሪያ ግን ይቀራል፤ ሳልመልሰው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። «አባቴ፣ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ስቀበል እውላለሁ። ‹አንሣ› ሲሉኝ አነሣለሁ፤ ‹ጣል› ሲሉኝ እጥላለሁ። ኢቃማዬ በሌላ ሰው እጅ ነው። በማታ ለአሥር ደቂቃ እኔ አዛዥ ብሆን ምን አለበት?» የሚል ወንድም አለ። ይህ ሰው የሚናገረው ከድካሙ ነው፤ ስለዚህም አልገሥጸውም። ነገር ግን እንዲያስተውል እለምነዋለሁ። በዚያ ስልክ ላይ ካሉት ከሁለቱ ሰዎች አንተን የሚመስለው የትኛው ነው? ሰይፍ የያዘው ነውን? ወይስ ስሙ የማይጠራው፣ ቋንቋው የማይሰማው፣ ለምን እንደ ተያዘ የማይጠየቀው፣ ሲወድቅ ሌላ የሚተካበት? በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. በመንፉሓ ወገኖቻችን ሲሳደዱና ሲደበደቡ፣ በየመጠለያው ሲታጎሩ፣ አሳዳጁ እነርሱን ያያቸው ልክ በዚህ ዐይን ነበር። ለአሥር ደቂቃ የምትበደረው የአሳዳጅህን ዐይን ነው። ያ ደግሞ ዕረፍት አይሆንም፤ የቀኑ ሥራ በሌላ መልክ ሲቀጥል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የማንንም ስልክ ንጠቁ አልልም፤ በግድ የተነጠቀ ነገር ይበልጥ ይፈለጋል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን እጠይቃችኋለሁ።

አንደኛ፣ ጨዋታው ሲከፈት በክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ድምፁን ሳያነሣ «ይህ ሰው ስሙ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላ ምንም አይጨምር። ስም ያለውን ሰው በነጥብ መግደል ይከብዳል፤ ሳቁም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ በባጥሓ ገበያ ገዝታችሁ ለታናናሾቻችሁ የላካችኋቸውን ስልኮች አስቡ። የዓመት ላባችሁ ነው። በዚያ ስልክ ውስጥ ያለውን እናታችሁ ማንበብ ላትችል ትችላለች፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ጥሪ ስለ ትምህርቱ ስትጠይቁት ስለሚጫወተው ነገርም ጠይቁት። ተቆጥታችሁ አትጠይቁት፤ እንደ ታላቅ ወንድም፣ እንደ ታላቅ እኅት አዋዩት።

ሦስተኛ፣ ያቺን የምሽት አሥር ደቂቃ ለእውነተኛ ፍርደኛ ስጧት። በየእስር ቤቱ ያሉ ወገኖቻችንን በጸሎት አስቡ፤ የምታውቁት የታሰረ ሰው ካለ ለቤተሰቡ ደውሉ። በሮማ የሚገኘው ኮሎሴየም፣ አሊጲዮስ በኖረበት ዘመን ሰው ሲሞት የሚጨበጨብበት ያ ሕንጻ፣ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 30 ቀን እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ለመቃወም መብራት ይበራበታል። ያ ቀን የተመረጠው በ1786 እ.ኤ.አ. የቶስካና ግዛት የሞት ቅጣትን ያስቀረችበት ዕለት ስለሆነ ነው። ድንጋይ እንኳ የቆመበትን ወገን ሊቀይር ከቻለ፣ የእኛ ጣት ይህን ማድረግ አያቅታትም።

በመጨረሻም በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለውን ቃል አስቡት። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ» እንላለን። «ኑ ነጥብ እንቁጠር» ማለታችን አይደለም፤ ተናገሩ፣ ድምፃችሁን እንስማ ማለታችን ነው። ለእኛ ጨዋታ ሌላ ሰው አለበት፤ ያም ሰው አፍ አለው። አንዱ የሚገድልበት፣ ሌላው ዝም ብሎ የሚሞትበት ነገር በአማርኛ ጨዋታ አይባልም። ዛሬ ማታ በሱለይ ያለው መብራት ከመጥፋቱ በፊት ስልካችሁን አስቀምጡና ከአልጋው በታች ወይም በላይ ያለውን ወንድማችሁን «እስቲ ተጫወት» በሉት። ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቁት። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ታሪኩን ግን ገና አልሰማችሁም ይሆናል።

የምሕረት አምላክ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ።